ተጨማሪ መረጃ፦ ደም የሚለየው የሰላጣ ማሽከርከሪያ
በ2010 እ.ኤ.አ. በሂዩስተን፣ አሜሪካ፣ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ያለ ኤሌክትሪክ የደም ማነስን የሚለይ መሣሪያ እንዲሠሩ የክፍል ሥራ ተሰጣቸው። የመረጡት የታጠበ ሰላጣን እያሽከረከረ ውሃውን የሚያራግፈውን ተራ የወጥ ቤት ዕቃ ነው! ደም የያዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጡ ተደርድረው በእጅ ሲሽከረከር፣ ከበድ የሚሉት ቀይ የደም ሕዋሳት ወደ ቱቦው ጫፍ ይሰበሰባሉ፤ ቢጫማው ፕላዝማ ለብቻው ይቀራል። የቀዩ ክፍል ርዝመት ከጠቅላላው የደም ርዝመት ጋር ሲነጻጸር ሄማቶክሪት የሚባለው ልኬት ይገኛል። ልኬቱ ዝቅ ካለ የደም ማነስን ያመለክታል። ወጪው 30 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር፤ መብራት ለሌለው ጤና ኬላ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ ደም የሚነካ ሙከራ ያለ መምህርና ያለ ጓንት አትሞክሩ።