ከሪከርዱ ጀርባ ያለው ባልዲ

ጠጋ በሉማ። ይሄን ጮክ ብዬ አላወራውም።

ፎቶውን አይታችሁት ይሆናል። ቤት የሚያክል ማሽን፣ ደረጃው ላይ ቆሞ እጁን የሚያውለበልብ ሹፌር፣ ከፊቱ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ። በ8 ሰዓት ይሄን ያህል ቶን! ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። እኔ ከፎቶው ውጪ ነኝ። ጭቃ የነካው ትራክተሬ ላይ ተቀምጬ፣ የሚስቁትን እያየሁ እስቃለሁ። ምክንያቱም የሆነውን አውቃለሁ።

ስለ አንድ ባልዲ ውሃም እነግራችኋለሁ። አሁን አይደለም። ቆዩኝ።

መጀመሪያ ማሽኑን እንተዋወቀው። አርሲና ባሌ ስንዴ የሚያጭደው ኮምባይነር አይደለም፤ የአክስቱ ልጅ በሉት። ይሄኛው ፍሬና ገለባ አይለይም። በቆሎውን ከነአገዳው፣ ከነቅጠሉ፣ ከነፍሬው ይውጠዋል። ውስጡ በቢላ የታጠረ ከበሮ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ያ ሁሉ በቆሎ እንደ ጎመን ተከትፎ በረጅሙ አንገት ተወንጭፎ ይወጣል። ከዚያ ተከምሮ፣ ተጠቅጥቆ፣ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ተሸፍኖ የላሞች ቀለብ ይሆናል። የመኖ ባለሙያዎቻችን ገፈራ ይሉታል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ሳይሌጅ በሚለው ስሙ ነው።

እኔ የምኖርበት ሰሜን ምዕራብ ጀርመን የዚህ ማሽን አገር ነው። ክላስ የተባለው ኩባንያ ሃርሰቪንክል ከተማ፣ ክሮነ የተባለው ደግሞ ሽፔለ ላይ ይሠሩታል። የክሮነ ቢግ ኤክስ 1180 ሞተር 12 ሲሊንደር፣ 1,156 የፈረስ ጉልበት ነው። መስከረም ላይ እንዲህ ያለው ጉድ ሲነሳ የመንደሩ መስኮት ይንቀጠቀጣል።

እሺ፣ አሁን የመጀመሪያዋን ምስጢር ልልቀቅላችሁ።

ማሽኑ ሆድ የለውም።

ሰማችሁኝ? ኮምባይነር ጎተራውን ተሸክሞ ይሄዳል። ነሐሴ 2014 እንደ ፈረንጆቹ፣ እንግሊዝ ውስጥ ሊንከንሻየር ላይ አንድ የኒው ሆላንድ ኮምባይነር በ8 ሰዓት 797.656 ቶን ስንዴ አጭዶ የዓለም ሪከርድ ሰብሯል። እጹብ ነው። ግን ያ ኮምባይነር ጫኚው ትንሽ ቢዘገይበት ስንዴውን በራሱ ጎተራ እያጠራቀመ ይቆየው ነበር። የእኛው ይሄን አይችልም። አንገቱ ስር የሚቀበለው ተሳቢ ከሌለ፣ 1,156ቱ ፈረስ በሙሉ ቆመው ይጠብቃሉ።

ስለዚህ እርሳስ ያዙና አብራችሁኝ አስሉ። ማሽኑ በሰዓት 300 ቶን ከተፈ እንበል። አንዱ ተሳቢ 20 ቶን ይይዛል። በ4 ደቂቃ ሞላ ማለት ነው! በ8 ሰዓት 120 ጭነት። ተሳቢው ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ ክምሩ ጋ ደፍቶ፣ ባዶውን ደግሞ ተመዝኖ እስኪመለስ፣ መሙያውን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ከፈጀ፣ 8 ተሳቢ ያስፈልጋል። አንዱ ሹፌር ሽንት ቤት ሲሄድስ? ዘጠነኛ ጨምሩ።

እንግዲህ የፎቶውን ሪከርድ ማን ሰበረው? እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ መስቀለኛው መንገድ ላይ ሬዲዮ ይዛ የቆመችው ልጅ ናት። ሙሉው በዚህ በኩል፣ ባዶው በዚያ በኩል። ሁለት ትራክተር ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ከተገናኙ ቀኑ አለቀ፤ እሷ አንድም ጊዜ አላገናኘቻቸውም። ፎቶው ላይ ፈልጓት፤ የለችም።

ማሳውም ቢሆን እንዲሁ የተገኘ አይምሰላችሁ። ሚዜ እንደሚመረጥ ነው የተመረጠው። ረጅም፣ ለጥ ያለ፣ ድንጋይ የሌለው፤ በተዞረ ቁጥር ጊዜ ይባክናላ። ጫፍ ጫፉ ከዋዜማው ታጭዶ መዞሪያ ተከፍቷል። አመሻሹ ላይ ደግሞ ሰዎች በማሳው ዳር ዳር አጎንብሰው ሲሄዱ ታያላችሁ። ሽቦ እየለቀሙ ነው። ማሽኑ አፉ ላይ ማግኔት አለው፤ ብረት የሸተተው እንደሆነ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳይቆይ መዋጡን ያቆማል። ይሄን የሠራ ሰው ይባረክ። የተከተፈ ሽቦ የዋጠች ላም ሽቦው ከሆዷ አልፎ ልቧን ሊወጋት ይችላል፤ ከብት ያለው ቤት ያደገ ሰው ይሄን ሕመም አይረሳውም። በሪከርድ ቀን ግን አንዲት ቁራጭ ሽቦ ማለት የባከኑ ደቂቃዎች ናት።

አሁን ደግሞ ይበልጥ ጠጋ በሉ። ይሄን ማንም ሰሌዳ ላይ አይጽፈውም።

ቶን ሲባል፣ የምኑ ቶን ነው?

ደህና የደረሰ የሳይሌጅ በቆሎ ከመቶው 65 እስከ 70 እጁ ውሃ ነው። እንግዲህ ቁጥር የሚወድ ሰው ምን ያደርጋል? ትንሽ ቸኩሎ፣ ገና ለምለም ሳለ ያጭደዋል። ሚዛኑ ውሃና ቀለብ አይለይም። ውሃው 72 እጅ ከሆነው በቆሎ 1,000 ቶን ብታስገቡ፣ ደረቁ ቀለብ 280 ቶን ነው። ውሃው 65 እጅ ከሆነው ከዚያው 1,000 ቶን 350 ታገኛላችሁ። ሰሌዳው ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ላሟ ፊት ግን 70 ቶን ይለያያሉ።

ሁለተኛው መላ አከታተፉ ነው። ረዘም አድርጎ የከተፈ ማሽን ይቀለዋል፤ ደቃቅ ክትፎ ጉልበት ይበላል። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቁልፍ ነክቶ ከ6 ሚሊ ሜትር ወደ 15 ሊያሻግረው ይችላል። ማን ያያል?

ሦስተኛዋ የጉዶች ጉድ ናት። ከቢላዎቹ አልፎ ፍሬውን የሚፈጩ ሁለት ጥርሳም ሮለሮች አሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጠበብ ሲል ፍሬው ይደቃል፣ ሞተሩ ያቃስታል። ሰፋ ሲል ማሽኑ እንደ ጉድ ይበራል፣ ቶኑ ይከመራል፣ ፍሬው ግን ሳይሰበር ያልፋል። ሙሉ ፍሬ ላሟ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሙሉውን ይወጣል። ስታርቹ አብሮት ወጣ። በክረምት በረቱን የሚጠርገው ሰው እበቱ ውስጥ ቢጫ ፍሬ ሲያይ፣ መስከረም ላይ የተጨበጨበለትን ሪከርድ እያየ ነው።

ክምሩን ልረሳው ነበር፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ይቀየሙኛል። የሙያው ሰዎች ስሌት እንዲህ ነው፦ በሰዓት የሚገባውን ቶን ለ4 አካፍል፣ ያን ያህል ቶን የሚመዝን ትራክተር ክምሩ ላይ ይመላለስ። ለ300 ቶን 75 መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱ 15 ቶን የሚመዝን 5 ትራክተር! ይሄ ሁሉ አንዱ ክምር ላይ ስለሚተራመስ፣ ብልህ ሰው አስቀድሞ ሁለት ክምር ይከፍታል። ያልተጠቀጠቀ ክምር አየር ይይዛል፣ ይሞቃል። ሲከፈት ይጨሳል፣ ትምባሆ ትምባሆ ይሸታል። የሙያው ሰው ሽታውን ከሩቅ ያውቀዋል።

እና ባልዲው።

በሪከርዱ ቀን ማታ፣ ጭብጨባው ሳያልቅ፣ የከብቶቹ ባለቤት ወደ ትራክተሬ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከአንድም ፎቶ ውስጥ አልገባም። «ባልዲ አለሽ?» አለኝ። አለኝ እንጂ። ከተሳቢዬ ጥግ አንድ ሊትር የሚሆን ክትፎ ዘግነን ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ጨመርነውና በእጄ አማሰልኩት። አገዳና ቅጠሉ ይንሳፈፋል፤ ፍሬው ከታች ይቀራል። ተንሳፋፊውን ገፈፍን፣ ውሃውን ቀስ ብለን አፈሰስን። ከታች የቀረውን በስልክ መብራት አየነው። አብዛኛው እንደ ቅንጬ የደቀቀ ነበር። እሱ በጣቱ እየለየ፣ ያልተነካውን ፍሬ አንድ በአንድ መዳፌ ላይ ያስቀምጣል።

አንድ። ሁለት።

ሌላ ፈለገ፤ ደግሞ ፈለገ። አልነበረም። ወገቡን ቀና አድርጎ ወደ ማሽኑ ዞረና፣ ባርኔጣውን አውልቆ ለሹፌሩ ከሩቅ አነሳለት። ሹፌሩም አየው። ያን ጊዜ ነው ከደረጃው ወርዶ፣ ሰሌዳውን ለሌላ ሰው አስይዞ፣ ወደ እኛ የመጣው። መጀመሪያ ያየው መዳፌን ነው።