ነዳጅ የሚበላው ጎማ

ካምፓላ ውስጥ ታክሲ ማለት አሥራ አራት ሰው የሚጭን ነጭ ቶዮታ ሃይስ ነው። አገሩ በግራ ስለሚነዳ መሪው በስተቀኝ ነው። በካባላጋላና በካንሳንጋ ሰፈሮች የሚኖረው ሐበሻም ወደ መሀል ከተማ የሚወርደው በዚሁ ነው። ሾፌሩ በአብዛኛው የመኪናው ባለቤት አይደለም። ለባለቤቱ የቀን ገቢ ይከፍላል፣ ነዳጁን ከራሱ ኪስ ይቀዳል፣ ከዚያ የተረፈውን ከረዳቱ ጋር ይካፈላል። አንድ ሊትር ቤንዚን ለእርሱ የእራት ጉዳይ ነው።

ዩጋንዳ እንደ ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ናት። አብዛኛው ነዳጇ ከሞምባሳ ወደብ ተነስቶ፣ ኬንያን አቋርጦ፣ በማላባና በቡሲያ በኩል ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው ካምፓላ የሚደርሰው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 የቦቴ ሾፌሮች ድንበር ላይ የኮቪድ ምርመራን ተቃውመው ሲቆሙ አንድ ሊትር ቤንዚን በአንዳንድ ቦታ ከ10,000 ሽልንግ በላይ ተሸጧል። እንዲህ ያለውን ነገር የታክሲ ሾፌር ሊያስቆመው አይችልም። በእጁ ያሉት ጎማውና ነዳጅ የሚረግጥበት እግሩ ናቸው።

ጎማ ነዳጅ እንዴት ይበላል? መኪናው በሄደ ቁጥር መሬት የነካው የጎማ ክፍል በክብደቱ ይጨፈለቃል፤ ከመሬት ሲነሳ ደግሞ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ላስቲኩ ለመታጠፍ የወሰደውን ኃይል ግን ሁሉንም አይመልስም፤ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከረጅም ጉዞ በኋላ ጎማውን በእጅ ብትነኩት የሚሰማችሁ ሙቀት ከማደያ በገንዘብ የተገዛ ነዳጅ ነው። አየር ሲጎድል ጎማው የበለጠ ይታጠፋል፣ የበለጠ ይሞቃል፣ የበለጠም ይበላል። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር እንደሚለው በአራቱም ጎማዎች አማካይ ግፊት ላይ 1 ፒኤስአይ ሲጎድል የነዳጅ አጠቃቀሙ በ0.2 በመቶ ገደማ ይበላሻል። አሥር ቢጎድል 2 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚከፈል ነው፣ ለማዳንም የሚጠይቀው የአምስት ደቂቃ ሥራ ብቻ ነው። አየር የጎደለው ጎማ ጠርዙን ይበላል፣ ከልክ በላይ ሞቆም ሊፈነዳ ይችላል። አሥራ አራት ሰው ለጫነ መኪና ይህኛው ከነዳጁ ይብሳል።

ትክክለኛው ልክ የተጻፈው በሾፌሩ በር በኩል በሚለጠፍ ወረቀት ላይ ነው። በካምፓላ ግን አብዛኛው መኪና ያገለገለ የጃፓን ዕቃ ስለሆነ ወረቀቱም ጃፓንኛ ነው። ፊደሉን ማንበብ ባትችሉ ቁጥሩን ተመልከቱ። 200 ወይም 240 የሚል ካገኛችሁ ኪሎፓስካል ነው። ለ6.9 ስታካፍሉት የጎሚስታው መለኪያ የሚያሳየው ፒኤስአይ ይመጣል፤ 240 የሚለው 35 ገደማ ይሆናል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር የጎማው የመጨረሻ አቅም እንጂ የመኪናው ልክ አይደለም። መለካት ያለበት ደግሞ ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ጎማው ከሞቀ በኋላ ግፊቱ በጥቂት ፒኤስአይ ስለሚጨምር፣ ያን ጊዜ በዛ ብሎ አየር የሚያስተነፍስ ሰው በማግሥቱ ጠዋት የጎደለ ጎማ ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደ ምርጫው። ሃይስን ለመሰለ መኪና የሚሆነው ጎማ ከልኩ ቁጥር ኋላ «ሲ» የሚል ፊደል ያለበት፣ ለጭነት የተሠራው ነው። የአነስተኛ አውቶሞቢል ጎማ ርካሽ ስለሆነ ብቻ መግጠም ሰው ላይ መፍረድ ነው። ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው በጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ይፈልግ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 የሚል ካየ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከጃፓን ከሚመጡት መካከል አንዳንዴ ለበረዶ የተሠራ ጎማም ያጋጥማል፤ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ተስሎበታል። ላስቲኩ ለብርድ ተብሎ የለሰለሰ ስለሆነ በካምፓላ ፀሐይ ቶሎ ያልቃል።

ያለቀ ጎማ ግን ቀለል ብሎ ይሽከረከራል፣ ነዳጅም ይቆጥባል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ከማርች እስከ ሜይ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ዝናቡ ሲወርድና ቀዩ ጭቃ አስፋልቱን ሲሸፍን ጥርስ የሌለው ጎማ ውኃውን መሰንጠቅ አይችልም። ለረጅም ጊዜ ቀላል መንከባለልና እርጥብ መንገድ ላይ አጥብቆ መያዝ አብረው አይሄዱም ነበር። ሚሼሊን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከጥቁር ካርቦን ይልቅ ሲሊካ የቀላቀለ ጎማ ለገበያ ሲያቀርብ ነው ሁለቱ መታረቅ የጀመሩት። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አዲስ ጎማ ላይ የሚለጠፍ ምልክት አስገድዷል፤ አንዱ ፊደል የነዳጅ ቁጠባውን፣ ሌላው በእርጥብ መንገድ የመያዝ አቅሙን ያሳያል። ካምፓላ ውስጥ ይህ ወረቀት ያለበት ጎማ ያገኘ ገዢ ሁለቱንም ያንብብ፤ እኔ ብሆን ቅድሚያ የምሰጠው ለእርጥቡ ነው።

ትልቁ ገንዘብ ግን ያለው እግር ላይ ነው። ያው የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር፣ ቆም ሂድ በሚበዛበት መንገድ ኃይለኛ አነዳድ የነዳጅ አጠቃቀምን ከ10 እስከ 40 በመቶ እንደሚያበላሽ ይናገራል። በግምት አስሉት። ሰው የሞላው ሃይስ 2.7 ቶን ያህል ይመዝናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ድንገት ፍሬን ቢይዝ፣ ወደዚያ ፍጥነት ለመድረስ ያቃጠለው 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነዳጅ በፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሠላሳ ጊዜ ያህል እንዲህ ያደረገ ሾፌር አንድ ሊትር ጥሏል። ወደ ጂንጃ መንገድ መብራት ሲጠጋ ቀይ መሆኑን ከሩቅ ያየ ሾፌር እግሩን ቀድሞ ቢያነሳ ምንም አይዘገይም፤ ፊቱ ያለው ሰልፍ እንደሆነ አይንቀሳቀስም።

ኮረብታዎቹም አሉ። ያንኑ መኪና 100 ሜትር ከፍታ ለማውጣት የሊትር ሲሶ ያህል ይፈጃል። ከኮሎሎ ወይም ከናካሴሮ ኮረብታ ሲወርዱ ማርሹን ነጻ አድርጎ መልቀቅ ቁጠባ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ሲነሳለት ነዳጁን ፈጽሞ ይዘጋል፤ ማርሹ ነጻ ሲሆን ደግሞ ላለመጥፋት ሲል ያቃጥላል። ፍሬኑም ብቻውን ቀርቶ ይሞቃል። ካርቡረተር ያላቸው አሮጌዎች ከዚህ ቢለዩም፣ ቁልቁለቱን በማርሽ መውረድ ለእነርሱም ደኅንነት ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ሳንካ አለው። ነዳጅ የሚከፍለው ሾፌሩ ሲሆን ጎማ የሚገዛው በአብዛኛው ባለቤቱ ነው። ርካሹን ጎማ የመረጠ ባለቤት ኪሳራው አይታየውም፤ በየቀኑ ማደያ ላይ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነውና። ስለዚህ ካምፓላ ውስጥ መኪና ለምታከራዩ፣ ሐበሾችም ጭምር፤ ጎማ ስትገዙ ሾፌራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ የአየር መለኪያም ገዝታችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡለት።