ንጉሡ ያላደረበት ቤተ መንግሥት

ጃንዋሪ 20 ቀን 1752 ከናፖሊ በስተ ሰሜን በሚገኘው የካዜርታ ሜዳ ላይ የእግረኛና የፈረሰኛ ጦር ተሰልፎ ቆሞ ነበር። ሰልፉ የጦርነት አልነበረም። ወታደሮቹ የቆሙት ወደፊት ግድግዳ በሚሆነው መሥመር ላይ ሲሆን፣ በማዕዘኖቹም መድፎች ተተክለው ነበር። የናፖሊው ንጉሥ የቡርቦኑ ካርሎ 36ኛ የልደት በዓሉን ባከበረባት በዚያች ዕለት የመሠረቱን ድንጋይ ሲያኖር፣ ገና ያልተሠራው ሕንፃ ስፋት በወታደር ሰልፍ ተለክቶ ታየ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ንጉሡ ከባሕር ርቆ ሜዳ የመረጠበት ምክንያት ነበረው። ከዐሥር ዓመት በፊት፣ በ1742፣ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ናፖሊ ወደብ ድረስ ዘልቀው በጦርነቱ ገለልተኛ ካልሆነ ከተማዋን በመድፍ እንደሚደበድቡ አስጠንቅቀውት፣ ሳይወድ በግድ እሺ ብሎ ነበር። ቤተ መንግሥቱ በባሕር ዳር እንደነበረ ያን ቀን ያልዘነጋ ንጉሥ፣ አዲሱን ቤት ከመድፍ ተኩስ ክልል ውጪ ማቆሙ አያስደንቅም።

ዛሬ ከናፖሊ በባቡር የሚነሣ መንገደኛ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ካዜርታ ይደርሳል። ከጣቢያው ወጥቶ ቀና ሲል የሚጋረጥበት ሕንፃ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከቤተ መንግሥት ይልቅ ታላቅ የጦር ሠፈር ይመስላል። የፊቱ ርዝመት ወደ 250 ሜትር ይጠጋል። 1,200 ክፍሎች፣ 1,742 መስኮቶች፣ 34 ደረጃዎች፣ በውስጡም አራት ሰፋፊ ግቢዎች አሉት። የሕንፃው መሐንዲስ ሉዊጂ ቫንቪቴሊ ነው። አባቱ ከሆላንድ የመጣ ሠዓሊ ስለነበር ስሙ የጣሊያን ቃና የተሰጠው የሆላንድ ስም ነው።

የመሐንዲሱ ብልኀት የሚገለጠው ጎብኚው ዋናውን በር እንዳለፈ ነው። ሕንፃውን ከፊት እስከ ኋላ ሰንጥቆ የሚያልፈው ረጅም መተላለፊያ እንደ መነጽር ሆኖ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከተራራው ላይ የሚወርደውን ፏፏቴ ያሳያል። በስተቀኝ በኩል ሁለት የእብነ በረድ አንበሶች የሚጠብቁት ታላቁ ደረጃ ወደ ላይ ይጋብዛል። በላይኛው ፎቅ ያሉት አዳራሾች በወርቅ ቅብና በሥዕል የተጌጡ ናቸው፤ ሆኖም እንዲህ ያሉትን አዳራሾች በሌላም የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ማየት ይቻላል። በካዜርታ መታየት ያለበት ውኃው ነው።

የአትክልቱ ስፍራ 120 ሄክታር ያህል ይሆናል። ውኃው ከገንዳ ወደ ገንዳ እየተንደረደረ በመካከሉ ይወርዳል፤ እግረኛው ደግሞ በተቃራኒው ሽቅብ ይጓዛል። በበጋ ፀሐይ የሚወጣው ሰው መንገዱ ከበሩ ሆኖ እንዳየው ቅርብ አለመሆኑን በእግሩ ይረዳዋል። በአትክልቱ ስፍራ ካለው ታላቅ የዓሣ ኩሬ ላይ ወጣቱ ንጉሥ ፈርዲናንዶ በትናንሽ ጀልባዎች የባሕር ኃይል ውጊያ ይጫወት ነበር። በጉዞው ጫፍ፣ ከፏፏቴው ሥር፣ በአንድ ወገን የአደን አምላክ የተባለችው ዲያና ከአጃቢዎቿ ጋር፣ በሌላው ወገን አክቴዮን የተባለው አዳኝ ከእብነ በረድ ተቀርጸው ይታያሉ። አዳኙ ዲያናን ስትታጠብ በማየቱ ወደ አጋዘንነት ተለውጦ የገዛ ውሾቹ ሲቦጫጭቁት ነው የተቀረጸው። የውሾቹ አፍ ላይ ዓይኑን ተክሎ የማይቆም ጎብኚ ያለ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ውኃ ከዚያ ተራራ የሚፈልቅ አይደለም። ቫንቪቴሊ ከታቡርኖ ተራራ ሥር ካሉት ምንጮች 38 ኪሎ ሜትር መንገድ አስጉዞ ነው ያመጣው። ቦዩ አብዛኛውን ርቀት ከመሬት በታች፣ ተራራ እየበሳ ይሄዳል፤ በአንድ ሜትር ርዝመት የሚያዘቀዝቀው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ትንሽ ስሕተት ቢፈጠር ውኃው በመንገድ በቆመ ነበር። ማዳሎኒ ከተማ አጠገብ ሸለቆ ሲገጥመው ደግሞ በሦስት ደርብ ቅስቶች የተሠራ፣ 529 ሜትር ርዝመትና ከ55 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ድልድይ ተገነባለት። ሥራው በ1762 ተፈጽሞ ውኃው ከንጉሡ አትክልት አልፎ ወፍጮዎችን አዞረ፤ ለናፖሊም ከተማ ደረሰ።

ድንጋዩን የፈለጡትና አፈሩን የተሸከሙት እነማን ነበሩ? ከደመወዝተኛ ሠራተኞች ጎን የተፈረደባቸው እስረኞችና በባሕር ላይ የተማረኩ ሙስሊም ባሪያዎች በግዳጅ ሠርተዋል። ጎብኚው በአዳራሾቹ ጣሪያ ላይ የነገሥታቱን ታሪክ ተሥሎ ያያል፤ የእነዚህን ሰዎች ስም ግን በየትኛውም በር ላይ አያነብም።

ንጉሥ ካርሎም ቢሆን በቤቱ አንድ ሌሊት አላደረበትም። በ1759 የስፔን ዘውድ ስለ ደረሰው፣ የናፖሊን ዙፋን ለስምንት ዓመት ልጁ ለፈርዲናንዶ ትቶ በመርከብ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም። ቫንቪቴሊም በ1773 ሥራው ሳይፈጸም ሞተ፤ ልጁ ቀጠለ። የዙፋኑ አዳራሽ የተጠናቀቀው በ1845 ሲሆን፣ የቡርቦኖች መንግሥት ከዚያ በኋላ የቆየው 16 ዓመት ብቻ ነው።

የፈርዲናንዶ ሚስት ማሪያ ካሮሊና ከ1786 ጀምሮ በአትክልቱ ጎን በእንግሊዝ ሥርዓት የተተከለ ሌላ አትክልት አሠርታለች። እዚያ ዛፉ እንደ ፈቀደው ያደገ መስሎ እንዲታይ ተደርጎ ተተክሏል፤ ሆን ተብሎ የተሠራ የጥንት ፍርስራሽም አለ። አዲስ ቤት ሳያልቅ ፍርስራሽ ማሠራት የነገሥታት ቅምጥልነት ነው፤ ጥላው ግን ለደከመ እግር መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የወታደር ሆነ። በ1860 ጋሪባልዲ ዋና መምሪያውን በዚሁ ቤተ መንግሥት አደረገ፤ በኦክቶበር መጀመሪያ በቮልቱርኖ ውጊያ የጦር አዛዡ ቢክሲዮ የቡርቦኖችን ጦር የመከተው በዚያው የውኃ ድልድይ አካባቢ ነበር። ከ1926 እስከ 1943 ደግሞ የጣሊያን አየር ኃይል መኮንኖች የሚሠለጥኑበት አካዳሚ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ይህ አየር ኃይል በ1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በኢትዮጵያ ሠራዊትና ገበሬ ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበው ነው። ከአገራችን ለሚሄድ ጎብኚ፣ የፏፏቴው ድምፅ ከሚሰማባቸው ከእነዚያ መስኮቶች በስተጀርባ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት እንደነበረ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1943 የአየር ድብደባ ለራሱ ለቤተ መንግሥቱ ደረሰው፤ የጸሎት ቤቱ ተመታ። ከዚያ የተባበሩት ኃይሎች የሜዲትራንያን ዋና መምሪያ ገባበት። ኤፕሪል 29 ቀን 1945 ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሁለት የጀርመን መኮንኖች ሲቪል ልብስ ለብሰው ቀረቡ። በጣሊያን ያለው የጀርመን ጦር በሙሉ እጁን እንዲሰጥ በአዛዦቻቸው ስም ፈረሙ፤ በተባበሩት ኃይሎች በኩል የፈረመው የእንግሊዙ ጄኔራል ሞርጋን ነበር። ተኩሱ የቆመው ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሜይ 2 ቀን ነው።