«ፕላስ ፕላስ»፦ ሳይነገር የሚጨመር ዋጋ

በዛሬው ዝግጅታችን ሆቴሎችና ሪዞርቶች ከተነገረው ዋጋ በላይ ስለሚጠይቋቸው ተጨማሪ ክፍያዎች እንመለከታለን። ጉዳዩ ተራ የሒሳብ ነገር ቢመስልም የገዢንና የሻጭን መተማመን፣ ከዚያም አልፎ የገንዘባችንን ሐላልነት የሚነካ ነው።

ለዚህ ከካዛንቺስ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ተቋም ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 አፍሪካ አዳራሽ ከተመረቀ ወዲህ የስብሰባ እንግዳ እየበዛ፣ ሆቴሎችም እየተበራከቱ መጡ። ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወሊማ የሚደግስ፣ ስብሰባ የሚያዘጋጅ፣ ከውጭ አገር ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ወደነዚህ ሆቴሎች ጎራ ይላል።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። አንድ አባት ለልጁ ወሊማ 200 እንግዳ ጠራ እንበል። ሆቴሉ «ለአንድ ሰው 1,500 ብር፣ ፕላስ ፕላስ» አለው። አባትየው 300,000 ብር ይበቃኛል ብሎ ቀብድ ከፈለ። ሁለቱ «ፕላስ» ግን ትርጉም አላቸው። አንደኛው በብዙ ትልልቅ ሆቴሎች የተለመደው 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ 30,000 ብር ይጨምራል። ሁለተኛው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ የሚሰላውም በ330,000 ብሩ ላይ ስለሆነ 49,500 ብር ይሆናል። ድምሩ 379,500 ብር ነው። ጭማሪው ብዙዎች እንደሚገምቱት 25 ሳይሆን 26.5 በመቶ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ የድምፅ ማጉያ፣ የአዳራሽ ማስጌጫና የተጨማሪ ሰዓት ክፍያ ሊመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ክፍያዎቹን መለየት ያስፈልጋል። የተጨማሪ እሴት ታክስ በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የሚሰበሰብ ነው፤ ሆቴሉ ለመንግሥት ያስተላልፈዋል እንጂ የራሱ ገቢ አይደለም። የአገልግሎት ክፍያ ግን ሆቴሉ ራሱ የወሰነው ነው። ለአስተናጋጅ በፈቃድ የሚሰጥ ጉርሻም አይደለም፤ ግዴታ ነውና። ግዴታ የሆነ ክፍያ ደግሞ የዋጋው አካል ነው።

ይኸው ነገር በውጭ አገር ባሉ ወገኖቻችን ላይ በሌላ መልክ ይደርሳል። «ታይምሼር» የሚባል አሠራር አለ። ሰውየው በአንድ ሪዞርት ውስጥ በየዓመቱ ለአንድ ሳምንት የመጠቀም መብት ይገዛል። ይህ ለሙስሊሙም እንግዳ አይደለም፤ በመካ ከሐረም አጠገብ በሚገኘው ዘምዘም ታወር የ24 ዓመት የመጠቀም መብት በሳምንት በሳምንት እየተከፋፈለ ተሸጧል። የታይምሼር ባለቤት ሳምንቱን በሌላ ከተማ ካለ ሪዞርት ጋር መለዋወጥም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1974 እንደተመሠረተው አር.ሲ.አይ. ያሉ ድርጅቶች ይህን ያገናኛሉ።

ችግሩ የሚመጣው በልውውጡ ላይ ነው። ሰውየው መብቱን ሲገዛ ከፍሏል፤ በየዓመቱ የጥገና መዋጮ ይከፍላል፤ ለልውውጡም ከፍሏል። ከነቤተሰቡ እንግዳ መቀበያው ጋ ሲደርስ «የሪዞርት ክፍያ በቀን ይህን ያህል» ይባላል። ለመዋኛው ነው፣ ለኢንተርኔቱ ነው ይሉታል፤ ባይጠቀምበትም ይከፍላል። ልጆቹን ይዞ ወዴት ይመለሳል? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ጀምሮ ሆቴሎችና የአጭር ጊዜ ማረፊያዎች የግዴታ ክፍያዎችን ጨምረው ጠቅላላ ዋጋቸውን ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ ውሏል። ደንቡ ክፍያውን አልከለከለም፤ መደበቁን ነው የከለከለው።

ሸሪዓችንም የሚያተኩረው እዚሁ ላይ ነው። ማረፊያ መከራየት በፊቅህ «ኢጃራ» ይባላል። ለኢጃራ ትክክለኛነት ጥቅሙም ኪራዩም የታወቀ መሆን አለበት፤ ያልታወቀ ዋጋ «ገረር» ውስጥ ይከታል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ ባደረገው ጉባኤ ታይምሼርን መርምሮ የሸሪዓን መስፈርት ካሟላ እንደሚፈቀድ ወስኗል። የፊቅህ ሊቃውንት እንደሚያብራሩት የሕንፃው መሠረታዊ ጥገና በአከራዩ ላይ ነው፤ የዕለት መገልገያ ወጪ ግን መጠኑ ታውቆ በስምምነት ከተቀመጠ በተከራዩ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተጨማሪ ክፍያ ሁሉ ሐራም ነው አንልም። ሰውዬው ከመስማማቱ በፊት ካወቀው የዋጋው ክፍል ነው። ቀብድ ካስያዙት፣ ሻንጣውን ካስወረዱት በኋላ የሚነገረው ግን ተስማምቶ ያልገባበት ዕዳ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቀብድ ከመክፈላችን በፊት «ሁሉም ነገር ተጠቃሎ በመጨረሻ የምከፍለው ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን በፕሮፎርማ ወይም በውል ላይ በጽሑፍ እንቀበል። የሰው ቁጥር ቢቀንስ፣ ሰዓት ቢያልፍ ምን እንደሚከተልም ይጻፍ። ታይምሼር የሚለዋወጥ ወገናችን የሚሄድበትን ሪዞርት የዕለት ክፍያ አስቀድሞ ያጣራ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ለሸማቹም በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። መጠየቅ መብት እንጂ ነውር አይደለም።

ሆቴል ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም፣ «ፕላስ ፕላስ» ከማለት 1,897 ብር ከ50 ሳንቲም ብላችሁ ጠቅላላውን ንገሩ። ጥቂት ደንበኛ ይሸሻችሁ ይሆናል። ግልጽነት ግን በንግድ ላይ በረካን ያመጣል፤ መደበቅም በረካን ያነሳል። አላህ ግብይታችንን ሐላል፣ ቃላችንንም እውነተኛ ያድርግልን። አሚን።