ቀለም የማይሸፍነው ነጭ ነገር

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ቀና በሉና የሻወር ቤታችሁን ጣሪያ እዩት። ነጭ፣ ጨው የመሰለ ነገር ተጋግሮበታል? እኔ በተከራየሁባቸው ሁለት ቤቶች ነበር። ባለቤቶቹ ቀለም ያስቀባሉ፣ ቀለሙ ይላጣል፣ እንደገና ያስቀባሉ።

ያ ነጭ ነገር ከሲሚንቶው ራሱ የወጣ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውኃ ጋር ተዋህዶ ነው፤ አዲስ አርማታ ለቀናት ውኃ የሚጠጣውም ለዚህ ነው። በዚህ ሂደት ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ኖራ ይፈጠራል። በኋላ በስንጥቅ የሚሰርገው ውኃ ግን ይህንኑ ኖራ እያሟሟ ይዞት ይወርዳል። ከታች አየር ሲያገኘው ነጭ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይጋገራል።

ኖራው ትንሽ ስለታጠበ ቤት አይፈርስም። ጣጣው ፌሮው ጋ ነው። ደህና አርማታ ውስጥ ፒኤች ከ12 በላይ ስለሆነ ብረቱ በቀላሉ አይዝግም። ኖራው ሲቀንስና አየር ሲገባ ግን ይህ ጥበቃ ይጠፋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ሲያጣ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁ ሌላ ውኃ ይገባል።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ እኔን የሚይዘኝ ሒሳቡ ነው። ፍሎሪዳ፣ ሰርፍሳይድ የነበረውን ኮንዶሚኒየም ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ መሐንዲስ ከመዋኛ ገንዳው አካባቢ ያለው የውኃ መከላከያ እንደተበላሸና አርማታውን እየጎዳ እንደሆነ ጻፈ። የሕንፃው ጥገና ያኔ 9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። ነዋሪዎቹ ማን ስንት ይክፈል ሲባባሉ ሒሳቡ 15 ሚሊዮን ደረሰ። ሰኔ 2021 ሕንፃው በከፊል ተደረመሰ፤ 98 ሰው ሞተ። የጣለው ውኃው ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ የክፍያው ክርክር ግን ለእኛም አዲስ አይደለም።

እኛ ጋ ውኃው የሚያፈሰው ላይኛው ቤት፣ ነጩ ነገር የሚታየው ታችኛው ቤት ነው። ያኛው አያየውም፣ ይሄኛው ሊጠግነው አይችልም። ስለዚህ ቀለም ቀቢ ከመጥራታችሁ በፊት ደረጃውን ወጥታችሁ በር አንኳኩ። ቧንቧው ደህና ከሆነ የሻወሩን መውረጃ ደፍናችሁ ወለሉ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ለ24 ሰዓት አቁሙ። ታች ከረጠበ ሴራሚኩ ተነስቶ ከሥሩ የውኃ መከላከያ መቀባት አለበት። ወጪውን ለሁለት ተካፈሉት፤ ጎረቤት እምቢ ካለ ወደ ማኅበሩ ኮሚቴ ነው።