ከሰርዶ እስከ ጓሳ፦ የሰሜን ሣር በምን ይኖራል?

ሰሜን ሲነሣ ዋልያ፣ ጭላዳና ራስ ደጀን አብረው ይነሣሉ። እነሱን ተሸክሞ ስለሚኖረው ሣር ግን ብዙ ሲወራ አይሰማም። ከድብ ባሕር ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወጣ፣ ደባርቅ ገብቶም ወደ ሳንቃ በርና ወደ ግጭ የዘለቀ መንገደኛ በአጭር ርቀት ከቆላ ወደ ውርጭ ይሻገራል። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የግጭ ሜዳ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። የሜዳው አረንጓዴ ምንጣፍ በራሱ ጊዜ የበቀለና ሁልጊዜም የሚኖር ይመስላል። ነገር ግን ጥቅጥቅ ያለ ጤናማ ሣር የልክና የዕረፍት ውጤት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሲጓደል ሜዳው ይራቆታል።

ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ዛፉ ይቀንሳል። አስታው እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይከተለንና ቦታውን ለጓሳና ለጅብራ ይለቃል። ጓሳ በየራሱ ቁጥቋጦ ተሰብስቦ የሚቆም ሣር ነው። የደረቁት ያረጁ ቅጠሎቹ ከላይ ሸፍነው ከሥር የሚወጣውን ለጋ ቡቃያ ከሌሊቱ ውርጭ ይጠብቁለታል። ከሥሩ ያለው አፈር ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ፣ ጥቁር፣ ቀላልና ውሃ የሚይዝ ነው። የክረምቱን ዝናብ አምቆ በበጋ ቀስ እያለ ለምንጩ የሚለቀው ይህ አፈር ስለሆነ፣ የላይኛው ሣር ጉዳይ የታችኛውም አገር ጉዳይ ነው። በጓሳው መካከል ደግሞ አጫጭሩ ሣር ይነጠፋል፤ ጭላዳ የሚውለው በዚህኛው ላይ ነው።

ጭላዳ ሲመገብ እንደ በግ አፉን መሬት ላይ አይተክልም። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ፣ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ፣ ቅጠሉን ቶሎ ቶሎ ይነቅሳል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። ያለበትን ሲጨርስ ሳይነሣ በመቀመጫው ተንፏቅቆ ወደ ቀጣዩ ይሸጋገራል። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ዓይነቶች ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ እሱ ብቻ ነው። በጋው ጠንቶ ቅጠሉ ሲደርቅ መሬቱን በጣቱ ቆፍሮ ሥር ይበላል። ማታ ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ ጠዋት ተመልሶ ይወጣል።

ሣር ይህን ሁሉ የሚችለው በአበቃቀሉ ነው። ብዙው ዕፅ ከጫፉ ሲያድግ ሣር ከሥሩ አጠገብ ያድጋል፤ ጫፉ ቢነጭ ወይም ቢታጨድ ከታች ይገፋል። ችሎታው ግን ወሰን አለው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ክራይደር እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከቅጠሉ ግማሹ ብቻ ሲወሰድ ሥሩ ብዙም እንደማይጎዳ፣ 90 በመቶው ሲወሰድ ግን ሥሩ ከሁለት ሳምንት በላይ ማደጉን እንደሚያቆም አሳይቷል። ሥሩ ያጠረ ሣር በመጀመሪያው ደረቅ ወር ይጠወልጋል።

ይህን ጠንቅቀው ከሚያውቁት ባለሙያዎች መካከል የጎልፍ ሜዳ ጠባቂዎች ይገኙበታል። ሰሜን ውስጥ የጎልፍ ሜዳ የለም፤ አዲስ አበባ ግን የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ እንኳ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ አለው። ኳሷ የምትንከባለልበት ሣር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ይታጨዳል። ሣሩ እንደዚያ ተላጭቶ የሚኖረው በየጊዜው አፈሩ እየተበሳ አየር ስለሚገባለት፣ አሸዋ ስለሚነሰነስለትና ጉድጓዱ ከቦታ ቦታ ስለሚዛወር ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ሲረገጥ ይሞታል። ስኮትላንድ ውስጥ ሴንት አንድሩስ የሚገኘው ጥንታዊ ሜዳ፣ ከትልልቅ ውድድሮች ጊዜ በቀር፣ እስከ ዛሬ እሑድ እሑድ ለጨዋታ ዝግ ነው። ጨዋታው የተጀመረባቸው የባሕር ዳር መሬቶችም በበግና በጥንቸል የተጋጡ መስኮች ነበሩ። ሜዳውን መጀመሪያ ያበጀችው ማሽን አይደለችም፤ ግጦሽ ነው።

በዓለም ሜዳዎች ላይ ከተዘሩት ሣሮች አንዳንዶቹን እኛም እናውቃቸዋለን። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያሰኛት የአህያዋ ሰርዶ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የጎልፍ ሜዳዎች ንጉሥ ነው። ግሌን በርተን የተባለ የጆርጂያ ተመራማሪ የሰርዶና የደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ዲቃላ የሆነውን ቲፍዌይ የተባለ ዝርያ በ1960 አወጣ። የኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ የሆነው የኪኩዩ ሣር ደግሞ ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄዶ የሪቪዬራ ክለብን ሜዳ ሸፍኗል። እዚያ ውሃና ማዳበሪያ የሚፈስላቸው ሣሮች እዚህ አስታዋሽ ማጣታቸው ያሳዝነኛል።

ሰሜን ላይ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በክረምት ነው። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ሲለሰልስ የከብት ኮቴ ይጠቀጥቀዋል፤ አየር ይወጣል፤ ውሃው ወደ ውስጥ መስረግ ትቶ በላይ ይፈስሳል። ሣሩ ከሳሳ በኋላ ደግሞ ቁልቁለቱ ሥራውን ይጨርሰዋል። በ1970ዎቹ በሰሜን ፓርክ የሠራው ስዊዘርላንዳዊው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ ለኢትዮጵያ ባወጣው ግምት፣ የታረሰ መሬት በሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ሲያጣ የግጦሽ መሬት 5 ቶን ገደማ ያጣል። ተዳፋት ላይ ያለ መስክ ታርሶ ገብስ ሲዘራበት የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ መሬት የጠበበው ግን እሱ ፈልጎ አይደለም።

ብሔራዊ ፓርኩ በ1969 ተመሠረተ፤ በ1978 ዩኔስኮ በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ካሰፈራቸው 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። በ1996 የዋልያ ቁጥር መመናመን፣ የእርሻ መስፋፋትና የከብት ግጦሽ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ አስገቡት፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው። ለመውጣቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የግጦሹ ጫና መቀነሱ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ሜዳው ያገኘው ዕረፍት ከብታቸውንና መስካቸውን ትተው በወጡ ሰዎች የተከፈለ ነውና፣ ስለ ሣሩ ማገገም የሚጽፍ ሁሉ ስለ እነሱም መጻፍ አለበት። በ2019 የበጋው ማብቂያ ላይ የተነሣው እሳት የግጭን አካባቢ ጓሳና አስታ ሲበላ፣ የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ ወጣ፤ ከእስራኤል ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጣ። የጓሳ እምቡጥ ከመሬት አጠገብ የተሸሸገ ስለሆነ ቅጠሉ ቢነድም ከሥሩ የማቆጥቆጥ ዕድል አለው፤ አዲሱን ቡቃያ ከብት ካልቀደመው።

ሰውን ሳያስወጡ ሣርን ማሳረፍ እንደሚቻል መንዞች አሳይተዋል። የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። በሥርዓቱ መሠረት አስቦና ጌራ የተባሉት አባቶች ዘሮች መስኩን ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጉት ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም የቤት ክዳኑን፣ ገመዱንና ግጦሹን ያገኝ ነበር። ሥርዓቱ በ1975ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል። ጓሳውም ዛሬ አለ።

ለደባርቅና ለዳባት የወል መስኮች የሚበጀው፣ እንደ እኔ፣ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ልቅ ግጦሽን በአንድ ጊዜ መከልከል ለድኻው በግ አርቢ ቅጣት ነው፤ መስኩን በየተራ መዝጋት ግን ይቻላል። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ አፈሩ ለስላሳ በሆነበት ጊዜ፣ ከፊሉ ተዘግቶ ከብቱ በታጨደ ሣር ቢቆይ፣ ሣሩ ዘሩን ጥሎ መሬቱ ከጠነከረ በኋላ በኅዳር ቢከፈትና የተረፈው ድርቆሽ ቢሆን፣ ሥሩ ጊዜ ያገኛል። መዝጊያውንና መክፈቻውን መወሰን ያለባቸውም ከብቱን የሚያሰማሩት ሰዎች ናቸው፤ ከግጭ ወደ ደባርቅ የወረዱትም ጭምር።