ሳል የያዘውን በግ ማስታመም፦ ከመርፌው በፊትና በኋላ

በደጋና በውርጫማ ቀበሌዎች በጎችን ከሚጨርሱ በሽታዎች አንዱ የሳንባ ምች ነው። ባለሙያው በመዝገቡ ላይ «ፓስተሬሎሲስ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። አርሶ አደሩ ግን በምልክቱ ያውቀዋል፤ በጉ ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ያስለዋል፣ ንፍጡ ይዝረከረካል፣ ጎኑ እንደ ወናፍ ይርገበገባል። አንዳንዱ ደግሞ ማታ ደህና ገብቶ ጠዋት ሞቶ ይገኛል።

መድኃኒት መምረጥና መርፌ መውጋት የእንስሳት ጤና ባለሙያው ድርሻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሰፋ አድርገን የምናየው የቤተሰቡን ድርሻ ነው። ባለሙያው በጉን የሚያየው በቀን አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረውን ቀንና ሌሊት በጉ ያለው እናንተ እጅ ላይ ነው፤ ትክክለኛ መድኃኒት ተወግቶም የሚሞት በግ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በእነዚያ ሰዓታት በሚሠራ ስህተት ነው።

በሽታው ከየት ይመጣል?

«ብርድ መታው» ሲባል እንሰማለን። ግማሹ እውነት ነው። የሳንባ ምችን የሚያመጡት ተዋህስያን ከሩቅ የሚመጡ አይደሉም፤ በብዙ ጤነኛ በጎች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ጉዳት ሳያደርሱ ይኖራሉ። በጉ አቅም ሲያጣ ወደ ሳንባው ይወርዳሉ፣ እዚያም ይራባሉ። አቅም የሚያሳጡትን ነገሮች ታውቋቸዋላችሁ፦ ቀን ፀሐይ ሌሊት ውርጭ የሚሆንበት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ፣ የክረምት መግቢያ ዝናብ፣ ረጅም የገበያ መንገድ፣ ግልገልን ከእናቱ መለየት፣ የመኖ እጥረት፣ የሆድ ትል።

ከእነዚህ ሁሉ አርሶ አደሩ የማይጠረጥረው ግን የራሱን ጋጣ ነው። በጉ እንዳይበርደው ተብሎ ጋጣው ጥግግት ብሎ ይዘጋል። ሽንትና በጠጥ ሲጠራቀም ከሥሩ አሞኒያ የሚባል የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። በበጉ የአየር ቧንቧ ውስጥ አቧራንና ተዋህስያንን ወደ ውጭ የሚጠርጉ ለዓይን የማይታዩ ጸጉሮች አሉ፤ አሞኒያው እነሱን ያደክማል። በመኖሪያ ቤት ውስጥ ለሚያድሩ በጎች የማድቤት ጭስም ይህንኑ ያደርጋል። ስለዚህ በጉ ከብርድ ተረፈ ስንል በመጥፎ አየር እንጎዳዋለን።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ማለዳ በሩ ከመከፈቱ በፊት ግቡና በበጉ አፍንጫ ቁመት ልክ በርከክ ብላችሁ ጥቂት ቆዩ። ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ ወይም ጉሮሯችሁን ከከረከራችሁ ሌሊቱን ሙሉ በጉ ሲተነፍስ ያደረው ያንን ነው። ቆሞ ማሽተት አይበቃም፤ በጉ የሚተኛው መሬት ላይ ነው። መፍትሔውም ውድ አይደለም፦ ፍጉን ማውጣት፣ ደረቅ ገለባ መጎዝጎዝ፣ ከጣሪያው ሥር ከበጎቹ ቁመት በላይ የአየር መውጫ መክፈት። ነፋሱ በቀጥታ በበጉ ላይ መምጣት የለበትም፤ የታመቀው አየር ግን መውጣት አለበት።

ማለዳ መቁጠር

ሕክምናው የሚያድነው ሳንባው ሳይበላሽ ሲጀመር ነው። የተጎዳ ሳንባ ሲታረድ ወይም ሲመረመር የፊተኛውና የታችኛው ክፍሉ ጠቁሮና ደርቆ ጉበት መስሎ ይታያል፤ እዚያ ከደረሰ በኋላ በጉ ቢተርፍም እንደ ቀድሞው አይሰባም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ምልክት መያዝ ያስፈልጋል። ሳል ደግሞ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ምልክት አይደለም። ቀድሞ የሚታየው ወደ መኖ ሲሄዱ መዘግየት፣ ጆሮ መውደቅና ማመስኳት ማቆም ነው።

አንድ በግ ስትጠረጥሩ ሳታባርሩት፣ ከቆመበት ወይም ከተኛበት ሳታነሱት፣ ራቅ ብላችሁ የጎኑን መነሳትና መውደቅ ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። በቀዝቃዛ ማለዳ ያረፈ ጤነኛ በግ በደቂቃ ከ12 እስከ 30 ጊዜ ገደማ ይተነፍሳል። ከ40 ካለፈ ባለሙያ ለመጥራት በቂ ምክንያት ነው። ቀትር ላይ መቁጠር ያሳስታል፤ ፀሐይ የመታው በግም ያለከልካል። ቴርሞሜትር ያላችሁ በፊንጢጣው ለኩት፤ ጤነኛው 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፣ ከ40 በላይ ትኩሳት ነው፣ የሳንባ ምች የያዘው 41 እና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ቁጥሩን በደብተር ጻፉት። ባለሙያው ሲመጣ «ትናንት ጠዋት 48፣ ዛሬ 60» ማለት «በጣም ታሟል» ከማለት የበለጠ ይጠቅመዋል።

የታመመውን ማስታመም

በመጀመሪያ ለዩት፤ ነገር ግን ብቻውን አትዝጉበት። በግ ከመንጋው ተነጥሎ ባልንጀራ ሳያይ ሲቀር ይጨነቃል፣ መብላትም ያቆማል። ሌሎቹን የሚያይበት፣ ግን አፍንጫ ለአፍንጫ የማይነካካበት፣ አንድ ገበቴም የማይጋራበት ቦታ ይበቃል። ቦታው ደረቅ፣ ከነፋስና ከዝናብ የተከለለ፣ ከማድቤት ጭስ የራቀ ይሁን። በግጦሽ መስክ አትንዱት፤ ትንፋሽ ያጠረውን በግ ወንዝ ድረስ ወርዶ እንዲጠጣ ማድረግ ያለችውን አቅም ይጨርስበታል። ውኃው እሱ ጋ ይምጣ፣ ንጹሕ ይሁን፣ በውርጭ ጠዋት ለብ ይበል።

የበግ አፍንጫ በንፍጥ ሲደፈን መኖውን ማሽተት ያቅተዋል፤ የማያሸተውን ደግሞ አይበላም። ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጥረጉለት። ጨርቁን ለሌላ በግ አትጠቀሙ፣ እጃችሁንም ታጠቡ። የምትሰጡት መኖ ለስላሳና አቧራ የሌለው ይሁን፦ የታጨደ እርጥብ ሣር፣ አጃ ከቬች ጋር፣ የትሪ ሉሰርን ቅጠል ቢገኝ እጅግ ጥሩ ነው። ድርቆሽና ፉርሽካ የምትሰጡ ከሆነ ውኃ አርከፍክፉበት። ጥቂት ጥቂቱን ደጋግሞ መስጠትና የተረፈውን ማንሳት ያስፈልጋል።

መቆም ያቃተው በግ በጎኑ ተዘርሮ እንዲቆይ አትተዉት። ከሥር ያለው ሳንባ በክብደቱ ይጨመቃል፣ ሆዱም በጋዝ ይነፋል። በደረቱ እንዲተኛ አድርጋችሁ በግራና በቀኝ በገለባ በተሞላ ማዳበሪያ ደግፉት፤ በየጥቂት ሰዓቱም ቦታውን ለውጡለት። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ልጆችና አያቶች ተራ ገብተው ቢሠሩት አይከብድም።

ስለ መጋት

በመስክ ስንዞር በተደጋጋሚ የምናየው ስህተት ስለሆነ እዚህ ላይ እንቆይ። በጉ ሲያስለው አንዱ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጦ፣ ሌላው አረቄ ቀላቅሎ፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ይግተዋል። በአፍንጫው የሚጨምርም አለ። ሐሳቡ ለማዳን ነው። ነገር ግን አንገቱ ወደ ላይ የተቀናና ትንፋሽ ያጠረው በግ በትክክል መዋጥ አይችልም፤ ፈሳሹ ወደ ሆዱ መሄዱ ቀርቶ በአየር ቧንቧው ወደ ሳንባው ይወርዳል። ሳንባ የገባ ፈሳሽ ራሱ ሌላ የሳንባ ምች ያስነሳል፣ ይህኛው ደግሞ በመድኃኒት ለመዳን እጅግ ያስቸግራል። በአፍንጫ የተጨመረ ነገር ሁሉ መንገዱ ወደዚያው ነው።

ስለዚህ ትንፋሽ ያጠረውን በግ ምንም ነገር አትጋቱት፤ ውኃም ቢሆን። ራሱ እንዲጠጣ አቅርቡለት። የትል መድኃኒት ለጤነኛ በግ ሲሰጥም ጭንቅላቱ ከጀርባው መስመር ብዙ ከፍ ሳይል፣ ከአፉ ጎን በኩል፣ ቀስ እያሉ ነው። ካሳለ ወዲያው ልቀቁት፤ ሳሉ ፈሳሹ ወደ ተሳሳተው መንገድ መሄዱን እየነገራችሁ ነው። ለግልገል በጡጦ ወተት ስትሰጡም ቆሞ እንጂ በጀርባው ተኝቶ አይሁን።

መርፌው ከተጀመረ በኋላ

የሳንባ ምች መድኃኒት የሚለካው በክብደት ነው። 20 ኪሎ የሚመዝነው በግና 40 ኪሎ የሚመዝነው ሙክት እኩል ከተወጉ አንዱ ያንሰዋል ወይም ሌላኛው ይበዛበታል። ያነሰው ተዋህስያኑን ሳይገድል ያለማምዳቸዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያው መድኃኒት አይሠራም። ከገበያ በተገዛ ማንነቱ ባልታወቀ ብልቃጥ ራስን ባለሙያ ማድረግ አደጋው እዚህ ላይ ነው።

እንደ መድኃኒቱ ዓይነት በየቀኑ ለ3 ወይም ለ5 ቀን የሚወጋ አለ፤ በአንድ መርፌ ለቀናት የሚሠራም አለ። ባለሙያው ስንት ቀን እንዳለ በደብተራችሁ አስጽፉት። ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን በጉ ይነቃል፣ ሣር ይነጫል፤ ያኔ «ድኗል» ተብሎ የሦስተኛው ቀን መርፌ ይቀራል። ትኩሳቱ ወረደ እንጂ ሳንባው አልጠራም፤ ከሳምንት በኋላ ብሶበት ይመለሳል። በተቃራኒው 48 ሰዓት አልፎ ትንፋሹ ካልቀነሰ ያንኑ መድኃኒት ዝም ብሎ መቀጠል ሳይሆን ባለሙያውን መልሶ መጥራት ይገባል።

ሌላው ጉዳይ የበዓል ገበያ ነው። በፋሲካና በአዲስ ዓመት ዋዜማ የታመመ በግ ቶሎ ተወግቶ ቶሎ ይሸጣል። መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ የሚጠበቅ ጊዜ አለው፤ ለአንዳንዱ መድኃኒት አራት ሳምንት ገደማ ሊደርስ ይችላል። ቀኑ በብልቃጡ ላይ ተጽፏል፤ ባለሙያውን ጠይቃችሁ ጻፉት፣ እስከዚያ አትሸጡትም፣ አታርዱትም። ገዢው ልጆቹን የሚያበላ እንደ እናንተ ያለ ቤተሰብ ነው።

ሳል ሁሉ ምች አይደለም

ሲነዳ የሚያስለው፣ ግን ትኩሳት የሌለው፣ እየበላ የሚከሳ በግ የሳንባ ትል ሊኖርበት ይችላል፤ ይህን የሚያድነው የትል መድኃኒት ነው። (አልቤንዳዞል በእርግዝና የመጀመሪያ ወር ላይ ላለች በግ አይሰጥም።) ጭንቅላቱን እያራገፈ ደጋግሞ የሚያስነጥሰው ደግሞ ዝንብ በአፍንጫው የጣለችው ትል ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚያስፈራው የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ፣ በአጠራሩ ፒፒአር፣ ነው። በጥቂት ቀናት ብዙ በጎችና ፍየሎች አንድ ላይ ታመው ከንፍጥና ከሳሉ ጋር የዓይን ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስልና ተቅማጥ ካያችሁ ማስታመሙን ከመጀመር በፊት በዚያው ቀን ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። በጎቹን ወደ ገበያም ወደ ጋራ ግጦሽም አታውጡ። ይህ በሽታ የቫይረስ ስለሆነ መርፌው አይገድለውም፤ አስቀድሞ የሚሰጠው ክትባት ግን ለዓመታት ይከላከላል።

ለሳንባ ምቹም በቢሾፍቱ የሚመረት ክትባት አለ። ሆኖም የሚከላከለው በሽታውን ከሚያመጡት ተዋህስያን አንዱን ዓይነት ስለሆነ «አስከትቤ ነበር፣ ለምን ታመመ?» የሚል ቅሬታ ይሰማል። ክትባቱ ጉዳቱን ይቀንሳል፤ የጋጣውን አየር ግን አይቀይርም። ቀኑ ውርጩ ከመግባቱ በፊት እንዲሆን ከባለሙያው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በግ በታመመ ማግስት ማስከተብ ዘግይቷል።

ከገበያ የተገዛን በግ በቀጥታ ከመንጋው ጋር አትቀላቅሉ። መንገዱ ያደከመው በግ ብዙ ጊዜ የሚታመመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። ለ21 ቀን ለብቻው አቆዩት፣ ማለዳ ማለዳ ትንፋሹን ቁጠሩ። የሞተ በግ ካለ ባለሙያው ሳንባውን እንዲያይ ሳይቀበር ጥሩት፤ ከዚያ በኋላ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ለውሻ መስጠት አዙሪትን የመሰለ ሌላ በሽታ ወደ መንጋው መልሶ ያመጣል።